ማኅተም የለመደ እጅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመስኮት ኋላ ተቀምጣ ማኅተም ስትመታ የኖረች ሴት ጡረታ ስትወጣ ታርፋለች ብሎ የሚያስብ ሰው፣ እጅ የሚባለውን ነገር አያውቀውም ማለት ነው። ሴትየዋስ ዐርፋለች፤ እጇ ግን ወይ ፍንክች! ቁጭ ስትል ጠረጴዛውን ትመታለች። ሻይ ስታፈላ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ትመታለች። አንድ ቀንማ አውቶቡስ ውስጥ የፊት ለፊቷን ወንበር ጀርባ እየመታች ስትሄድ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጎልማሳ ዞሮ፣ «እትዬ፣ የኔን ጉዳይ ጨርሰውልኛል፤ ይበቃል» አላት። መዝገብ ቤት ሳለች የሚያውቃት ባለጉዳይ ኖሯል።

የማያውቃትስ ማን ነበር? የልደት ወረቀት ቢሆን፣ የጋብቻ ቢሆን፣ የቤት ቢሆን፣ በሦስተኛው መስኮት በኩል ሳያልፍ ወረቀት የሚሆን ወረቀት አልነበረም። ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ማኅተም» ነው የሚላት። እኛም ከሰፈሩ አንለይም፤ ማኅተም እንላታለን።

ሥራዋን በዓይኑ ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀለም የጠጣው ስፖንጅ በቀኝ፣ ወረቀቱ በመሀል። ቀኝ እጅ ማኅተሙን ይዞ ስፖንጁን ነካ ያደርጋል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ግራ እጅ ደግሞ ያለቀውን ወረቀት ጠረግ አድርጎ ወደ ጎን ያሳልፋል። ቀለም፣ ወረቀት፣ «ቀጣይ!» ቀለም፣ ወረቀት፣ «ቀጣይ!» ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ላይ ቢወጣ፣ ባለጉዳይ ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ አለቃ መጥቶ «እባክሽ ቶሎ ቶሎ በይ» ቢላት፣ ያ እጅ አይፈጥንም፤ አይዘገይምም። «ወረቀቱ ተራ አለው» ትልና ትቀጥላለች። በዚህ ጉዳይ ከአራት አለቆች ጋር ተኳርፋለች፤ አራቱም ተዛውረው ሄደዋል፣ እሷ ግን እዚያው ነበረች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር አስቀምጦ ቤቱ ነው የሚሠራው። ሚስቱ ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ወር ትዕግሥቱ አለቀ። የሰፈሩ አዳራሽ በር ላይ «ለጀማሪዎች የከበሮ ትምህርት፣ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሦስት ወር» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየና እየሮጠ መጣ።

«በይ፣ እጅሽን እዚያ ወስደሽ ጣይልኝ» አላት። «ይህ ጠረጴዛ እኮ ከእናቴ የወረስኩት ነው።»

ማኅተም ሳቀች። መሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ባሏ የማያውቀው፣ ለማንም ተናግራው የማታውቅ አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ ነበረ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ በአራት ዓመት የምትበልጣት ታላቅ እህቷ በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ትዘፍን ነበር። እህቷ ድምፀ መረዋ ናት፤ ይህን ጠላትም አይክደውም። ማኅተም የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ በኩራት ልትፈነዳ ደርሳ ታጨበጭባለች። እህቷ ዘፈኑ መሀል ላይ ድንገት አቆመች። በመቶ ተማሪ ፊት ጣቷን ቀስራ፣ «አንቺ ልጅ! እጅሽን አውርጂ! ታሳስቺኛለሽ!» አለቻት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማኅተም እጆቿን ጭኗ ላይ አወረደች። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ይኸው ሃምሳ ዓመት፣ ሰው ሲዘፍን አጨብጭባ አታውቅም። ሠርግ ቢሆን፣ ልደት ቢሆን፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፈገግ ትላለች። «ጆሮ የለኝም» ብላ ራሷን አሳምናለች። እህቷ ደግሞ ዛሬም ትዘፍናለች፤ ያውም የሰፈሩ የጡረተኞች ዘፈን ቡድን መሪ ሆና፣ በዚያው አዳራሽ። የስድሳ ዓመቷን ማኅተም ዛሬም «አንቺ ልጅ» ነው የምትላት።

እንግዲህ የከበሮው ወሬ ሲመጣ ማኅተም ሆዷ ውስጥ የተኛው ነገር ዓይኑን ገለጠ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እህቷ ስትዘፍን እጇን ሳታወርድ ብትውል! የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። ለባሏ ግን፣ «እሺ፣ ለጠረጴዛው ስል እሄዳለሁ» አለችው።

የከበሮው መምህር በሥራው ጎሚስታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲነቅል፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ይሰነብትና ቅዳሜ ጠዋት እጁን በሳሙናም በአሸዋም ፈትጎ አዳራሽ ይመጣል። የጥፍሮቹ ዙሪያ ግን ምን ቢታጠብ ጥቁር ነው። ከበሮዎቹን ሲያከፋፍል እያንዳንዱን አንዴ በእጁ መታ፣ አንዴ በጆሮው አዳመጥ ያደርጋል፤ ልክ ጎማ እንደሚመረምር።

ስምንት ጀማሪዎች በግማሽ ክብ ተቀመጡ። ከማኅተም በስተቀኝ አንድ ጨዋ የጥርስ ሐኪም ነበር።

«መጀመሪያ ቀለበት ይውለቅ» አለ ጎሚስታው። «ቀለበት ቆዳውን ይጎዳል፣ ጣትንም ያሳብጣል።»

የማኅተም ቀለበት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ወልቆ አያውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሳሙና ስትታገል ቆይታ ስትመለስ ጣቷ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ማታ ባሏ ባዶ ጣቷን ሲያይ ክው አለ። ነገሩን ስታስረዳው ግን ምንም ሳይናገር ከኮት ገበር ቁራጭ ትንሽ ከረጢት ሰፍቶ ቀለበቱን ከተተበትና፣ «እንግዲያስ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የማስረው» ብሎ ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው።

ትምህርቱ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ። ከበሮው በሁለት ጉልበት መሀል፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ።

«ታቹ ወለሉን ከነካ ድምፁ በየት ይውጣ?» ይላል ጎሚስታው። «ክዳኑን ሳይከፍቱ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።»

ትከሻ ዝቅ። አንጓ ልል። መዳፍ በሙሉ መሀሉን ሲመታ «ዱም»፤ የተገጠሙ ጣቶች ጠርዙን ሲመቱ «ታ»። እጅ እንደ ወረደ ወዲያው ይነሣል፤ የጋለ የድስት ክዳን እንደ ነካ ሰው። ከመምታት በፊት ደግሞ በአፍ ማለት አለ።

«አፍ ያላለውን እጅ አይለውም!» ይላቸዋል፤ እነሱም ስምንት ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን «ዱም፣ ታ፣ ዱም፣ ታ» እያሉ ይሰነብታሉ። የጥርስ ሐኪሙ አፍ ሲከፈት ማየት ለምዶ ነው መሰለኝ፣ የራሱን ለመክፈት ያፍር ነበር።

የማኅተም አፍ ልክ ነበር። ጉዱ ከእጇ ላይ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አይደል የሚባለው? ቀኝ እጇ ከበሮውን ይመታና፣ እሷ ሳታዝዘው ወደ ቀኝ ሄዶ ስፖንጅ ይፈልጋል። በስተቀኝ ደግሞ ስፖንጅ የለም፤ ያለው የጥርስ ሐኪሙ ጉልበት ነው። ቸብ! ተመልሶ ከበሮውን፣ ዱፍ! «ዱም» አላልኩም፣ «ዱፍ» ነው ያልኩት፤ ድምፁ ትራስ የመታ ያህል ነበር። ግራ እጇ በበኩሉ ከበሮው ላይ የሌለ ወረቀት ጠረግ አድርጎ ወደ ጎን ይጥላል፣ ሸርተት! በመጨረሻም፣ የሁሉም ከበሮ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ቀጣይ!»

ሰባቱም በሳቅ ከወንበር ሊወድቁ ደረሱ። ጎሚስታው ፊቱን አዙሮ ሳል ሳል አለ። ማኅተም ራሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ? የጥርስ ሐኪሙ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ጉልበቱ ላይ መጽሐፍ አድርጎ መጣ።

ቤት ውስጥ በባልዲ ትለማመዳለች። ባልዲውን ደፍታ፣ በጉልበቷ መሀል ይዛ፣ ዘንበል አድርጋ፣ ዱፍ፣ ሸርተት፣ ዱፍ፣ ሸርተት።

«ባልዲው ምን አጠፋ?» ይላል ባሏ ከመኪናው ቀና ሳይል።

አንድ ቀን እሷ ስትመታ እሱም ሳያውቀው የመኪናውን ፔዳል አብሯት ሲረግጥ ቆይቶ፣ የሰው ኮት እጅጌ ገልብጦ ሰፋ። ግማሽ ቀን ፈጀበት ሲፈታው። ቢሆንም አልተቆጣም፤ «ምቱ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ነው ያስቀየመኝ» አላት። ይህን ማንም ሳይሰማው እንዳለፈ ልብ በሉልኝ፤ እኛ እንመለስበታለን።

በስድስተኛው ቅዳሜ ጎሚስታው አንድ ወሬ ይዞ መጣ። የጡረተኞቹ ዘፈን ቡድን ከበሮ መቺ ከተማ ቀይሮ ሄዷል። ትምህርቱ ሲያልቅ አዳራሹ ውስጥ ትንሽ ዝግጅት ስለሚኖር፣ ቡድኑ ስለ ዝናብ የሚዘፍነውን ዘፈን የሚያጅብ ሰው ከጀማሪዎቹ መሀል ይመረጣል። ዘፈኑ ሦስት ሦስት እያለ የሚሄድ ነው። ምርጫው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ያን ቀን የማኅተም እህት ነጭ ነጠላ ጫማዋን እያንቋቋች መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጀማሪዎቹን ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው። ዓይኗ ታናሿ ላይ ሲያርፍ ፈገግ አለች።

«መምህር፣ የፈለግኸውን ስጠኝ» አለች ስትወጣ። «እህቴን ብቻ እንዳትሰጠኝ አፈር ስሆን። እወዳታለሁ፤ ግን ጆሮ የላትም።»

ማኅተም ሰማች። እጇን ጭኗ ላይ ልታወርድ ነበር፤ ከበሮው ስለነበረ አልወረደም። «እንግዲያው እኔ ካልመታሁት እኔ አይደለሁም» አለች በልቧ። ማኅተም በልቧ ያለችውን አራት አለቆች ያውቁታል።

መፎከር ቀላል ነው፤ እጅ ግን ፉከራ አይሰማም። በሰባተኛው ቅዳሜም ዱፍ። ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ ጎሚስታው «እትዬ፣ እርስዎ ይቆዩኝ» አላት። ያሰናብተኛል ብላ ሰጋች።

ጎሚስታው ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አለ። «ጎማ ሲያስተነፍስ ቀዳዳው የት እንደሆነ ሳላውቅ አልለጥፍም። እርስዎ ቀኝ እጅዎ ወዴት ነው የሚሄደው? ምን ፍለጋ ነው?»

«ስፖንጅ ፍለጋ» አለች አፍራ።

«የምን ስፖንጅ?»

እየተሽኮረመመች ነገረችው። እሱም ተነሥቶ ከጓዳ ጠረጴዛ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅና የድሮ ማስታወቂያ ወረቀቶች ይዞ መጣ። «በሉ መስኮቱን ይክፈቱልኝ» አላት።

ማኅተም ብርጭቆውን በቀኝ እጇ ያዘች። ትከሻዋ ወረደ፤ ፊቷም ዐረፈ። ቀለም፣ ወረቀት፣ ቀጣይ። ቀለም፣ ወረቀት፣ ቀጣይ። ጎሚስታው ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ፤ ምቱ ፀጉር ታህል ዝንፍ አላለም። ባሏ «ምቱ ጥሩ ነው» ያለው ለካ ይህንኑ ነበር። ዓይኑን ሲከፍት ፊቱ ተለውጧል።

«እትዬ፣ እርስዎን ጆሮ የለዎትም ያለው ማነው?»

ማኅተም ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ሦስት ሦስት ነው እኮ የሚመቱት! ቀለም፣ ወረቀት፣ ቀጣይ። የዝናቡ ዘፈን ማለት ይኼ ነው። በእንዲህ ያለ ቁጥር የሚመታ ሰው ዓመት ሙሉ ባስተምር አላገኝም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ስፖንጁን ለምን አልተጫኑትም?»

«ስፖንጅ ይጫኑታል እንዴ?» ማኅተም ሙያዋ ተነካና ደነገጠች። «ከተጫንከው ማኅተሙ ቀለም ይጠጣል፤ ወረቀቱ ላይ ስታሳርፈው ፊደሉ ሁሉ ይጨማለቃል። ስፖንጅ ነካ አድርጎ ማንሣት ነው። ይህን የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ስንቱን የልደት ወረቀት አበላሽቶብኛል!»

«ወረቀቱንስ?»

«ወረቀቱንማ ትጫነዋለህ። ካልተጫንከው ማን ያየዋል?»

ጎሚስታው ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ ያውም ጥሩ «ታ» የሚል ድምፅ አወጣ። «እኔን! ሰባት ሳምንት ሙሉ ከበሮውን እንደ ወረቀት ሲጫኑት ኖረዋል እኮ! ከበሮ ሲጫኑት ይታፈናል። እትዬ፣ ከበሮው ወረቀት የለውም። ጠርዙም ስፖንጅ ነው፣ መሀሉም ስፖንጅ ነው። ሁሉም ስፖንጅ ነው!»

ማኅተም ከበሮውን በጉልበቷ መሀል አስገባች። ዘንበል አደረገችው። መሀሉን አየችና ቀለም የጠገበ ስፖንጅ ነው ብላ ለራሷ ነገረችው፤ መዳፏን ጣለችና አነሣች።

ዱም!

እሷ ራሷ ደንግጣ ከወንበሯ ልትነሣ ደረሰች። ድምፁ ከበሮው ውስጥ ወርዶ በወለሉ በኩል እግሯ ድረስ ተሰማት። አንድ ጊዜ ደገመችው። ዱም! ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ። ጎሚስታውም አብሯት ሳቀ፣ ምንም እንኳ ለምን እንደምታለቅስ ባያውቅም።

ቀሪውን አብረው ቀመሩት። ቀኝ እጅ ቀለሙን ፍለጋ አየር ላይ ከመንከራተት ይልቅ ቦታ ተሰጠው፦ የከበሮው ቀኝ ጠርዝ፣ «ታ»። ከዚያ መሀሉ፣ «ዱም»። ግራ እጅ ደግሞ መጥረጉን ትቶ ግራውን ጠርዝ ነካ፣ «ታ»። ታ ዱም ታ። ታ ዱም ታ። «ቀጣይ»ን በአፍ ማለት ብቻ ተከለከለች። በዘጠነኛው ቅዳሜ ጎሚስታው ጀማሪዎቹን አንድ በአንድ አስመታና እሷን መረጠ። ሰባቱ አጨበጨቡ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ ጉልበቱ ነጻ ወጣ።

እህቷ ወሬውን ስትሰማ፣ «መምህር፣ ምን ብታበላህ ነው?» አለች። ቢሆንም ሌላ ሰው አልነበረምና ልምምድ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ስንኝ ላይ መልካም ሄዱ። ሁለተኛው ላይ እህቷ እጇን አወናጨፈች። «ዘገየሽ፣ አንቺ ልጅ!» እንደገና። «አሁንም ዘገየሽ!» ለሦስተኛ ጊዜ። «አላልኩም? አላልኩም?» ዘፋኞቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ማኅተም አጎነበሰች። ምን አጠፋሁ እያለች ከበሮውን አየችው፤ ከበሮውም ምንም አላላት።

ጎሚስታው እስከ በሩ ሸኛት። «አልዘገዩም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚሮጡት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ደስ ይላቸውና ይሮጣሉ። ቡድኑ በሙሉ ያውቃል፤ አብሮ ይሮጣል። የድሮው ከበሮ መቺ ከተማ የቀየረው ሩጫው ሰልችቶት ነው እየተባለ ይቀለዳል።»

«እሷስ?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ማን ደፍሮ ይንገራቸው?» በሩን ከፈተላትና፣ «መስኮት ላይ ሳሉ ባለጉዳይ ሲቸኩል ምን ያደርጉ ነበር?» አላት።

«ምንም። ወረቀቱ ተራ አለው።»

«በቃ» አለ ጎሚስታው።

ማኅተም ቤቷ እስክትደርስ አንድ ጥያቄ ይዛ ሄደች። ያን ቀን፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ ማነው የተሳሳተው? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጭኗ ላይ የከረመ እጅ በምን ጥፋቱ ነው የተቀጣው? መጀመሪያ ተናደደች። ተናዳ የሰነበተችው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ፍርሃት መጣ። እህቷ ብትሮጥና እሷ ባትከተላት፣ ሕዝብ ፊት ታደናቅፋታለች። ብትከተላት ደግሞ ያቺው የድሮዋ ልጅ ሆና መቅረቷ ነው። ለባሏ ሁሉንም፣ የትምህርት ቤቱን ጭምር፣ ነገረችው። ባሏ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ቀና አለ።

«በሠርጋችን ቀን እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ የተቀመጥሽው ለዚህ ነው?» አላት። «እኔ እኮ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ያኔ አግብታኝ ተጸጽታ ነበር ብዬ ሳስብ ነው የኖርኩት።»

«ሞኝ!» አለችው፤ ተሳሳቁ፤ ሻዩም ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞላ። ባሏ ከፊት ወንበር ላይ የራሱን ስፌት ኮት ለብሶ፣ ቀለበቷን በከረጢቱ ይዞ ተቀመጠ። ዘፈን ቡድኑ ቆመ፣ እህቷ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ከፊት፣ ማኅተም በስተጀርባ ወንበሯ ጫፍ ላይ፣ ከበሮው ዘንበል። ታ ዱም ታ። ታ ዱም ታ። እህቷ አፏን ከፈተች፤ ያ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ማኅተም ደስ አላት፤ ልክ እንደ አሥር ዓመቷ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች።

ሁለተኛው ስንኝ መጣ። እህቷ ደስ አላትና መሮጥ ጀመረች። ቡድኑም ተከትሏት ሮጠ። ከበሮው ግን እዚያው ነው። ታ ዱም ታ። ዘፈኑ ከፊት፣ ከበሮው ከኋላ፣ መሀላቸው እየሰፋ ሄደ። ከዘፋኞቹ ግማሹ ከበሮውን ልስማ ብሎ ቀረ፤ ግማሹ ከመሪዋ ጋር ሄደ፤ ጉድ ፈላ። እህቷ ግራ ገብቷት አቆመች። ቡድኑም ዝም አለ። እህቷም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች።

ይህን ፊት ማኅተም ታውቀዋለች። እጆቿ ወደ ጭኗ መውረድ ፈለጉ። ግን ቀኝ እጇ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደው አመል አለው፤ እሷ ሳታዝዘው ወደ ቀኝ ሄደና ቀለሙን ነካ። ታ። ቀለም የነካ እጅ ደግሞ ወረቀት ሳይመታ አይመለስም። ዱም። ግራው ተከተለ። ታ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዋን፣ ሳትፈጥን፣ ሳትዘገይ፣ እህቷን ዓይን ለዓይን እያየች ቀጠለች። ወረቀቱ ተራ አለው።

እህቷ ቆማ አዳመጠች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። በሦስተኛው የነጭ ነጠላ ጫማዋ ጫፍ መሬቱን መምታት ጀመረ። መጀመሪያ ከከበሮው ቀደመ። ቆመ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ቀደመ። እህቷ የገዛ እግሯን የሰው እግር ይመስል ጎንበስ ብላ አየችው። ያኔ ነው የገባት፤ ጀርባዋን እያየን እንኳ ሁላችንም አወቅነው። በአምስተኛው ዙር እግሯ ከከበሮው ጋር ገጠመ፤ ወደ ሕዝቡ ዞረችና ሁለተኛውን ስንኝ ከመጀመሪያው አነሣችው። በሕይወቷ እንደዚያ ዘፍና አታውቅም። ዝናቡ በርጋታ ዘነበ፤ ማንም አልሮጠም፤ የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር አፉን ከፍቶ አብሮ ዘፈነ።

ሲያልቅ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ድገሙት የሚል ጩኸት ከየቦታው መጣ። ማኅተም እንደ ልማዷ እጆቿን ጭኗ ላይ አውርዳ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች። እህቷ ለመጀመር ዞር ስትል አየቻት።

«አንቺ ልጅ» አለች ድምፅ ማጉያው አፏ ላይ እንዳለ፣ «ማን እጅሽን አውርጂ አለሽ?»

«አንቺ ነሽ!» አለች ማኅተም።

አዳራሹ ሳቀ። እህቷ ግን አልሳቀችም። ድምፅ ማጉያውን ከአፏ አወረደችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምን እንደምታስታውስ ከሁለቱና ከፊት ወንበር ከተቀመጠው ልብስ ሰፊ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ታናሿ ሄደችና ጎንበስ ብላ ሁለቱንም እጆች በገዛ እጆቿ ከጭኗ ላይ አነሣቻቸው፤ ከበሮው ላይም አስቀመጠቻቸው።

«እንግዲያው አሁን አንሺው ብያለሁ» አለቻት። «ስሮጥ ጥሪኝ።»

ማኅተም ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። ቀኝ እጇ ቀለሙን ነካ።